ኤዲኤችዲ ያለባቸውን አዋቂዎች ለይቶ ማከም፦ ለወሎ ባለሙያዎች በምናዘጋጀው ስልጠና ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ጦሳ ግርጌ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በሐይቅ፣ በከሚሴና በባቲ ለሚሠሩ የሳይካትሪ ነርሶች፣ ሳይኮሎጂስቶች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች የሚሆን የ3 ቀን ስልጠና እያረቀቅን ነው። ርዕሱ በአዋቂዎች ላይ የሚታየው ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማጣትና የእረፍት የለሽነት ሕመም) ነው። ረቂቁን እዚህ አስቀምጣለሁ፣ ሳትራሩ ተቹት።

መነሻዬ አንድ ነው፤ ይህ ስልጠና የቃለ መጠይቅ ስልጠና መሆን አለበት። ስለ ዶፓሚንና ኖርኤፒኔፍሪን (የአንጎል ኬሚካሎች) ስላይድ ስናሳይ ውለን የምንሸኘው ሰልጣኝ፣ ሰኞ ጠዋት ፊቱ የሚቀመጠውን በሽተኛ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም። ኤዲኤችዲ በደም ምርመራ አይለይም፣ በኤምአርአይ አይለይም፣ በኢኢጂም (በአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ) አይለይም። የሚለየው በታሪክ ነው። ታሪክ መቀበል ደግሞ በጆሮ ሰምተው የሚይዙት ሳይሆን በእጅ የሚለመድ ሙያ ነው።

መስፈርቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግን በስልጠና ላይ የሚዘለሉት ቦታዎች ስላሉ ልድገመው። ዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. 2013) ዕድሜው 17 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ከ9ኙ የትኩረት ማጣት ምልክቶች ወይም ከ9ኙ የእረፍት የለሽነትና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ 5 ይፈልጋል። ለልጆች 6 ነው። ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ የኑሮ መስክ የሚታዩ፣ ሥራን ወይም ትምህርትን ወይም ማኅበራዊ ኑሮን በግልጽ የሚያውኩ መሆን አለባቸው። ከምልክቶቹ በርከት ያሉት ከ12 ዓመት በፊት የታዩ መሆን አለባቸው። በዲኤስኤም-4 ገደቡ 7 ዓመት ነበር። በመጨረሻም ሌላ ሕመም የተሻለ የሚያብራራው መሆን የለበትም። ሰልጣኝ የመጀመሪያውን ቁጥር ይይዝና የኋለኞቹን ይረሳል። ስህተት የሚፈጠረውም እዚያ ነው።

ረቂቁ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡00 መስፈርቱና የበሽታው ጠባይ፣ ከሰዓት በኋላ የልጅነት ታሪክ አጠያየቅ በሦስት ሰው ቡድን። ሁለተኛው ቀን ሙሉውን የሚመሳሰሉ ሕመሞችና ጫት። ሦስተኛው ቀን መድኃኒት፣ የንግግር ሕክምና፣ ክትትል። ከ20 ሰው በላይ አንቀበልም፤ ከዚያ ከበለጠ ልምምዱን አጠገቡ ተቀምጦ የሚያይለት አሰልጣኝ አይደርሰውም።

የት ላይ ቀጥኗል? ምን ይውጣ?

የማታ ተረኛ

ወንድሜ ጦሳ ግርጌ፣ አካሄዱ ትክክል ነው። በልጅነት ታሪክ ላይ ግን የከሰዓቱ ጊዜ አይበቃም።

«ከ12 ዓመትህ በፊት ትኩረት ነበረህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው፣ በተለይ ከገጠር የመጣው፣ ዕድሜውን በዓመት አይቆጥርም፤ ትምህርት የጀመረውም ዘግይቶ ሊሆን ስለሚችል ክፍል ብቻውን አያስተማምንም። ጊዜውን ሥራ ላይ አስሩት። «ሞፈር ሳትጨብጥ፣ ገና ጥጃና ፍየል ስትጠብቅ» ስትሉት ዕድሜው ወዲያው ይመጣለታል። ከዚያ ነገሩን ጠይቁ። ከብቱ የሰው እህል የገባው ስንት ጊዜ ነው? ከሌሎቹ እረኞች ይበዛ ነበር ወይስ እኩል? ጨውና ክብሪት አምጣ ተብለህ ስትላክ ምን ይዘህ ትመለስ ነበር? መልሱንስ? ቁርዓን ቤት ሉሕ ይዘህ ስትቀመጥ፣ ወይም የኔታ ዘንድ ፊደል ስትቆጥር፣ ከእኩዮችህ ጋር ስትነጻጸር ለምን ያህል ጊዜ ትቆይ ነበር? የሚገርፉህ ለምን ነበር?

«ከእኩዮችህ ጋር ስትነጻጸር» የሚለውን ሐረግ ሰልጣኙ እንደ ጸሎት ይያዘው። ልጅ ሁሉ ይረሳል፣ ልጅ ሁሉ ይሮጣል። የምንፈልገው በዚያው መንደር፣ በዚያው ዕድሜ፣ ከሌሎቹ ጎልቶ የታየውን ነው።

ሴቶችን ለብቻ አንሱልኝ። ትኩረቷ የሚበተን ግን የማትሯሯጥ ልጅ ማንንም አታስቸግርም፣ ስለዚህ ማንም አያስታውሳትም። ስለ ረብሻ ብትጠይቋት «አልረብሽም ነበር» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ወጡ ስንት ጊዜ አረረ? ጀሪካኑን ምንጩ ላይ ትተሽ የመጣሽበት ጊዜ ነበር? «ደንዝዛ ትቀራለች» የሚልሽ ማን ነበር? አዋቂ ሆና የምትመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በድባቴ ወይም በጭንቀት ስም ነው፤ ከወለደችና የቤቱ ሥራ ከተደራረበ በኋላ።

ሦስተኛ ወገን ግዴታ ይሁን፤ በበሽተኛው ፈቃድ፣ በስልክም ቢሆን። ባል ወይም ሚስት የምታውቀው የአሁኑን ብቻ ነው። ለልጅነቱ እናት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት ትሻላለች። የአንደኛ ደረጃ ሪፖርት ካርድ ከተገኘ ውጤቱን ብቻ አትመልከቱ፤ የጠባይ መስመሩንና መምህሩ በእጁ የጻፈውን አስተያየት አንብቡ። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተመሳሳይ አስተያየት በተለያየ መምህር እጅ ተጽፎ ከተገኘ፣ ከማንኛውም መጠይቅ ይበልጣል።

ቦርከና

ስለ መጠይቅ ካነሳችሁ ኤኤስአርኤስ ላይ አንድ ሰዓት ስጡኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የአዋቂ ኤዲኤችዲ መጠይቅ ነው፣ 18 ጥያቄ አለው፤ ለልየታ የሚያገለግሉት የመጀመሪያዎቹ 6 ናቸው። መልሱ «በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ በጣም ብዙ ጊዜ» ነው። ከ1 እስከ 3 ባሉት ጥያቄዎች «አንዳንዴ» እና ከዚያ በላይ ይቆጠራል፤ ከ4 እስከ 6 ባሉት ግን የሚቆጠረው «ብዙ ጊዜ» እና ከዚያ በላይ ብቻ ነው። ከ6ቱ 4 ከተቆጠረ ወደ ሙሉ ምርመራ ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ የሚቆጥር ሰልጣኝ ይበዛል፤ የተሞላ ወረቀት ሰጥታችሁ ራሳቸው ይቁጠሩት።

ዋናው ግን ይሄ ነው። አራት ማለት በሽታ ማለት አይደለም። ሰሌዳ ላይ አስሉላቸው። በአዋቂዎች ላይ ስርጭቱ ብዙ ጊዜ ወደ 2.5 በመቶ ተደርጎ ይጠቀሳል። 1,000 ሰው ብንጠይቅ 25ቱ አለባቸው እንበል። መጠይቁ ካለባቸው ውስጥ 80 በመቶውን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 90 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል ብለን ለስሌቱ እንያዝ። ከ25ቱ 20ውን ይዟል። ከ975ቱ ግን ወደ 98 የሚሆኑትን በስህተት «አለባችሁ» ብሏል። በድምሩ 118 ሰው «አለበት» ተብሎ እውነተኛዎቹ 20 ናቸው። ከስድስቱ አንዱ እንደማለት ነው። ሰልጣኙ ይህን በገዛ እጁ ካሰላ በኋላ በወረቀት ብቻ መድኃኒት አያዝም።

በአማርኛ የምትጠቀሙበትን ቅጂ ደግሞ ከስልጠናው በፊት ደጋግማችሁ በሰው ላይ ሞክሩት። ስብሰባና ቢሮ የሚሉ ምሳሌዎች ለባቲ ገበያ ነጋዴ ምንም አይሉትም። ለረጅም ጊዜ መቀመጥ የሚያስፈልግበትን ቦታ ከኑሮው ስጡት፦ የጁምዓ ኹጥባ፣ ስብከት፣ የዕድር ስብሰባ፣ ለቅሶ ቤት፣ ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ።

ወረባቦ 07

ጤና መኮንን ነኝ። ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን በቀን የማየው ሰው ብዛት አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ አይፈቅድልኝም። ከኔ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ጦሳ ግርጌ

አብሽር ወንድሜ። ካንተ የሚጠበቀው መጠርጠርና በአግባቡ መላክ ነው፤ ምርመራውን መደምደም አይደለም። ይህን በስልጠናው መጀመሪያ ሰዓት ላይ በግልጽ ልንለው ይገባል፣ አለዚያ ግማሹ ሰልጣኝ የማይሆን ሸክም ይዞ ይወጣል።

ሦስት ነገር ጠይቅ። ይህ ነገር ከልጅነትህ ጀምሮ ነበር ወይስ በቅርብ መጣ? ቤትም ሥራ ቦታም አለ ወይ? ምን አሳጣህ፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ ትዳር፣ ገንዘብ? ሦስቱም አዎ ከሆነ ትልካለህ። ከመላክህ በፊት ግን አንተው ጋር ሊሠራ የሚችለውን ሥራ፦ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ክብደት፣ ሄሞግሎቢን፣ አንገቱ ላይ እንቅርት አለ ወይ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል ወይ። ታይሮይድ ከጠረጠርክ ቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) ወደሚሠራበት ላክ። በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ እያንኮራፋ ትንፋሹ ይቋረጥ እንደሆነ፣ በፈረቃ የሚሠራ መሆኑን ጠይቅ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በየሳምንቱ ፈረቃ የሚቀያየር ሰው ትኩረቱ ቢበተን አይገርምም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳል ወይ? ፌኖባርቢታል ራሱ ያደነዝዛል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያቁነጠንጣል። ራሱን ስለ መጉዳት ማሰቡን ሁልጊዜ ጠይቅ። ይህን ሁሉ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከጻፍክ፣ የሚቀበልህ ባለሙያ በምርመራው ላይ ሰዓት ያተርፋል።

ባቲ ሰኞ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። የጫቱን ክፍል እኔ ልጻፍ፤ እዚህ አካባቢ ካለ ጫት ስለ ትኩረት ማውራት አይቻልምና።

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን (አነቃቂ መድኃኒት) ቤተሰብ ነው። ትኩስ ቅጠል የሚፈለገውም ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚቀንስ ነው። ሰውዬው በምርቃናው ሰዓት ቀልቡ ይሰበሰብለታል፣ ያነባል፣ ሒሳብ ይሠራል። ሲወርድ ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፤ እንቅልፍ ይርቀዋል ወይም ዱካክ ያስጨንቀዋል። በማግስቱ ረፋዱን ፈዝዞ ይውላል። ይህን ሰው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተመላላሽ ክፍል ብታገኙት ኤኤስአርኤስ ሙሉ ይወጣለታል፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ብታገኙት ምንም የለበትም። ስለዚህ መጠይቁ በተሞላበት ወረቀት ላይ መጨረሻ የቃመበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ቦታው በቅጹ ላይ ከሌለ ማንም አይጽፈውም፣ ጨምሩት።

አጠያየቁ ፍርድ የሌለበት ይሁን። በወሎ ጫት ከዱዓና ከወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ጋር የተያያዘ ነው፤ «ሱስ አለብህ?» ካላችሁት «የለብኝም» ይላል፣ ውይይቱም ያልቃል። ይልቅ፦ መቼ ጀመርክ? ስንት ዓመትህ ነበር? በሳምንት ስንት ቀን? በቀን ስንት ብር ታወጣለህ? ከበርጫ በኋላ ለመተኛት ምን ትጠጣለህ? የመጨረሻው ጥያቄ አረቄውንና የእንቅልፍ ኪኒኑን ያወጣዋል። ዳያዜፓም በድብቅ የሚወስድ ሰው ካለ የትኩረቱ ነገር ሌላ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

መለያው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ሰሌዳ ላይ መስመር አስምሩ፤ ከመስመሩ በታች ዕድሜ፣ ከላይ ምልክቱ፣ ጫቱ፣ ሐዘኑ፣ ሥራ ማጣቱ። ምልክቱ ከጫቱ በፊት ካለ ኤዲኤችዲው ይታሰባል። ጫቱ ቀድሞ ምልክቱ ከተከተለ መጀመሪያ ጫቱ ይታከማል። ሁለቱም ያለበት ሰው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ያልታከመ ኤዲኤችዲ ወደ ሱስ ይገፋል፤ አንዳንዱ ጫትን ሳያውቀው እንደ መድኃኒት ይጠቀምበታል። «ስቅም እረጋጋለሁ፣ ሌላው ሲቅም ያወራል» የሚል ሰው ሲመጣ የልጅነቱን ታሪክ በጥንቃቄ ጠይቁ፤ ግን ይህ ብቻውን ምርመራ አይደለም።

አዝዋ

ባቲ ሰኞ፣ ስላብራራችሁት እግዜር ይስጥልኝ። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ጫት ሙሉ በሙሉ ሳያቆም አንመረምርም የሚል መመሪያ ከገባ፣ ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው በሕይወቱ ሳይመረመር ይቀራል። ለማቆም የሚያስፈልገው ዕቅድና ትዕግሥት ነው፤ የጎደለውም እሱው ነው።

ባቲ ሰኞ

አላልኩም ዶክተር፣ ግን ግልጽ ባለመደረጉ እርስዎ ልክ ነዎት። የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። የልጅነት ታሪኩን እየቃመም ቢሆን ውሰዱ፣ እሱ አይለወጥም። የአሁኑን ምልክት ግን ባቆመባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አትመዝኑ፤ መደበት፣ እንቅልፍ መብዛትና መፍዘዝ በዚያ ጊዜ የጫቱ ማቋረጫ ምልክት ነው። ሙሉ ማቆም ካልቻለ መቀነሱን መዝግባችሁ ድገሙት። ሜቲልፌኒዴት (ለኤዲኤችዲ የሚሰጠው አነቃቂ መድኃኒት) ግን በየቀኑ ለሚቅም ሰው አይጀመርለት። ሁለት አነቃቂ ሲደረቡ ግፊቱም ምቱም ይጨምራል፤ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ተጋላጭ የሆነውን ሰው ወደ ጥርጣሬና ወደ ሳይኮሲስ (ከእውነታ መለየት) ሊወስዱት ይችላሉ።

ጉባላፍቶ

ሁለተኛው ቀን ላይ ስለ ጦርነቱ ሰፊ ጊዜ ይያዝ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት በወልድያ፣ በቆቦ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻ ያለፈው ሕዝብ ብዙ ነው። በአሰቃቂ ነገር ያለፈ ሰው ይረሳል፣ አይተኛም፣ መቀመጥ አይችልም፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ወረቀት ላይ ኤዲኤችዲ ይመስላል።

መለያው፦ ከመቼ ወዲህ? «ከዚያ ዓመት ወዲህ» ካለ ወደ አሰቃቂው ክስተት ሂዱ። ሐሳቡ ሲሄድ ወዴት ይሄዳል? በኤዲኤችዲ ወደ አገኘበት ይሄዳል፤ በአሰቃቂ ክስተት ጭንቀት ወደዚያው ወደ አንዱ ነገር ይመለሳል። የእረፍት ማጣቱም ይለያያል፤ በሩን እያየ፣ ድምፅ እያዳመጠ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሚቀመጥ ሰው ንቁ የሆነው ለአደጋ ነው። ሸሽቶ የማይረግጠው መንገድ፣ የማያነሳው ወሬ አለ ወይ? ሁለቱም አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ግን አትርሱ፤ ልጅነቱ ላይ ምልክቱ ካለ ሁለቱም ይመዘገባሉ።

ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) የሚለየው በመምጣትና በመሄዱ ነው። ኤዲኤችዲ ሁልጊዜ አብሮ ያለ ጠባይ ነው። ባይፖላር ግን ቢያንስ ለ4 ቀን ወይም ለሳምንት የሚቆይ ወቅት አለው፤ ሦስት ሰዓት ተኝቶ ሳይደክመው ይነሳል፣ ራሱን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ይበርዳል። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ግን ካልተኛ ይደክመዋል። ድባቴም በተመሳሳይ፦ ድባቴው ሲለቀው ትኩረቱ ከተመለሰ ኤዲኤችዲ አልነበረም።

የሕክምና ቅደም ተከተሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሳይኮሲስ፣ ማኒያ (የባይፖላር የከፍታ ወቅት)፣ ከባድ ሱስና ከባድ ድባቴ ይቀድማሉ። ኤዲኤችዲው ከነሱ በኋላ ነው።

ፋርማሲ መስኮት

መድኃኒቱን እኔ ልጻፍ፣ በአጭሩ።

ሜቲልፌኒዴት፣ ፈጣኑ ዓይነት። አዋቂ በ5 ሚሊ ግራም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይጀምራል፤ በየሳምንቱ እየታየ ይጨመራል። አንዱ ኪኒን የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ሁለተኛው 6 ሰዓት ግድም። ከ10 ሰዓት በኋላ አይወሰድም፣ እንቅልፍ ይነሳል። ብዙ መመሪያ በቀን ከ60 ሚሊ ግራም አያሳልፍም፤ የእንግሊዝ መመሪያ እስከ 100 ይፈቅዳል፣ በልዩ ባለሙያ ክትትል። «አልሠራልኝም» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው 5 ሚሊ ግራም ላይ ቆሞ የቀረ ነው። ለሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ ለሚሠሩ) መድኃኒቶች በተለየው የማዘዣ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ አናስተናግድም፤ መጠኑም ቀኑም በቁጥርና በፊደል ይጻፍ።

አቶሞክሴቲን አነቃቂ አይደለም፣ ሱስ አያስይዝም፤ የጫት ታሪክ ላለው ሰው የተሻለ ምርጫ ነው። 40 ሚሊ ግራም ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ከዚያ 80። ውጤቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ ሙሉው እስከ 12 ሊሄድ ይችላል። በ10ኛው ቀን «ለውጥ የለም» ብሎ የሚያቆመው ብዙ ስለሆነ ጊዜውን አስቀድማችሁ ንገሩት። ማቅለሽለሽ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀንሳል። አፍ ይደርቃል፤ ወንዶች ላይ ሽንት ሊከብድና የወሲብ ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወዲያው ይቁም፣ ጉበት ይታይ። ፍሉኦክሴቲን (የድባቴ መድኃኒት) አብሮ ከሚወስድ ሰው ተጠንቀቁ፤ አቶሞክሴቲንን ከሰውነት የሚያስወግደውን ኢንዛይም ስለሚያግድ መጠኑ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ቀስ ብሎ፣ በዝቅተኛ መጠን ይሂድ።

ሁለቱም በማይገኙበት ቦታ ኢሚፕራሚን (የቆየ የድባቴ መድኃኒት) የሚያዝ አለ። ማስረጃው ደካማ ነው፤ ልብ ላይ ይሠራል፣ በብዛት ከተዋጠ ይገድላል። ራሱን ሊጎዳ ለሚችል ሰው በፍጹም።

ጾም። ይህን ማንም አያስተምርም፣ በወሎ ግን በየዓመቱ የሚያጋጥም ነው። በረመዳን ፈጣኑን ሜቲልፌኒዴት በሱሁር፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የወሰደ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አልቆበታል፤ የሥራ ቀኑ ባዶ ይውላል። ከኢፍጣር በኋላ ቢወስደው ደግሞ አይተኛም። በራሱ አስልቶ ከማድረጉ በፊት አንድ ወር ቀድማችሁ አነጋግሩት። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ዓይነት ከተገኘ በሱሁር ይወሰድ። አቶሞክሴቲን የሚወስደው በኢፍጣር ከምግብ ጋር አንዴ መውሰድ ስለሚችል ችግር የለበትም። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚውለውም በባዶ ሆድ ሜቲልፌኒዴት ሲወስድ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ በተጨማሪም የምግብ ፍላጎቱን ስለሚዘጋው ክብደቱ ይወርዳል። ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር ንገሩት። ጸበል የሚጠመቀውንም «ወይ ጸበሉ ወይ ኪኒኑ» አትበሉት፤ ሁለቱን አስኬዱለት።

ቡናውም ይጠየቅ። አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ ኪኒን የወሰደ ሰው ልቤ መታ ብሎ ቢመጣ ኪኒኑን ብቻ አትክሰሱ።

የማታ ተረኛ

ፋርማሲ መስኮት፣ ረዥም ዕድሜ ይስጥልን። ግን መድኃኒቱ በሌለበት ወረዳ ምርመራው ለምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ከሰልጣኝ መምጣቱ አይቀርም። መልስ ይዘን እንግባ።

ለዚህ ነው ሦስተኛው ቀን ላይ የንግግር ሕክምናው ከመድኃኒቱ እኩል ጊዜ ይያዝለት የምለው። ለአዋቂ ኤዲኤችዲ የሚሠራው ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ልማድን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና) ስሜት ከማውራት ይልቅ ክህሎት ያስተምራል፣ በ12 ክፍለ ጊዜ አካባቢ ያልቃል። መጀመሪያ ሕመሙን ማስረዳት፣ በተቻለ መጠን የቤት ሰው ባለበት። «ሰነፍ» ሲባል የኖረ ሰው ምክንያቱን ሲሰማ የሚሆነው ነገር ራሱ ሕክምና ነው። ከዚያ አንድ ማስታወሻ ደብተር፤ አንድ ብቻ። ስልክ ላይ ግማሽ፣ ወረቀት ላይ ግማሽ ከሆነ ፈረሰ። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከማይረሳው ነገር ጋር ታስሮ፣ ለምሳሌ ከፈጅር ሶላት ወይም ከጠዋት ቡና በኋላ፣ 5 ደቂቃ ይታያል።

ሥራ መቆራረጥን በምሳሌ አሠሯቸው። «ንግድ ፈቃድ ማደስ» ብሎ ደብተር ላይ የጻፈ የደሴ አራዳ ባለሱቅ አያድሰውም። «ሰኞ 3 ሰዓት፦ የድሮውን ፈቃድ ከመሳቢያ ፈልጎ ኤንቨሎፕ ውስጥ ማስገባት» ብሎ ከጻፈ ይነሳል። ማክሰኞ፣ የግብር ደረሰኙን ከእሱ ጋር ማድረግ። ረቡዕ፣ ይዞ መሄድ። መስፈርቱ እያንዳንዱ መስመር በአንድ መቀመጫ የሚያልቅና በሚታይ ድርጊት የሚጀምር መሆኑ ነው።

የትኩረት ልክ መለካት ሌላው ነው። ሰውዬው ሰዓት ይዞ ሒሳብ ይሠራል፣ ልቡ ሲሄድ ሰዓቱን ይጽፋል። 12 ደቂቃ ከሆነ ሥራውን በ12 ደቂቃ ይቆርጠዋል። መሃል ላይ ሌላ ሐሳብ ሲመጣ ተነስቶ አይሄድበትም፤ ጎን ባለው ወረቀት ላይ ጽፎት ይቀጥላል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ወረቀቱን አይቶ ይወስናል። ይህን ሰልጣኙ ራሱ ክፍል ውስጥ ሳይሠራው ለበሽተኛ አያስተምር። መጻፍ የማይችል ሰው ሲያጋጥም ደግሞ የስልክ ማንቂያ፣ በር ላይ የሚንጠለጠል ቀለም ያለው ጨርቅ፣ ወይም አንድ ኃላፊነት የወሰደ የቤት ሰው ይተካል።

የሚከሽፍበት ቦታ ይታወቃል። ሰባት ክህሎት በአንድ ቀን ይሰጣል፤ በሽተኛው በሁለተኛው ቀጠሮ ይቀራል። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ። ቀጠሮው ከመድረሱ ባለው ማታ ስልክ ይደወልለት። የሚረሳን ሰው ቀጠሮ ረሳህ ብሎ ከዝርዝር ማውጣት ከሕክምናው ጋር ይጋጫል።

ቦርከና

ፍተሻውንም አስቡበት። ከስልጠና በፊትና በኋላ የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ሰው ቃላት መያዙን ብቻ ያሳያል። ሰባት የሚና ካርድ ይዘጋጅ፦ ኤዲኤችዲ ብቻ፣ ኤዲኤችዲና ጫት፣ ጫት ብቻ፣ የጦርነት ጭንቀት፣ ባይፖላር፣ ታይሮይድ፣ ድባቴ ያለባት እናት። ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ካርዱን ይጫወታል፣ ሦስተኛው ቅጽ ይሞላል። 25 ደቂቃ ጥያቄ፣ 10 ደቂቃ ትችት፣ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ቅጹ ላይ የሚመዘገበው፦ ከልጅነት ቢያንስ ሁለት ድርጊት ቦታው ተጠቅሶ ተገኝቷል? ሁለት የኑሮ መስክ ተጠይቋል? የጊዜ መስመር ተሰምሯል? ጫት፣ መጠጥ፣ እንቅልፍ? የስሜት ወቅቶች? አሰቃቂ ክስተት? ራስን መጉዳት? ልብና ግፊት? ሦስተኛ ወገን? ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ በአፉ ሰጥቷል? የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ይመዝን። «ትረሳለህ አይደል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ይላል፤ በእኛ አገር ባለሙያን ማስቀየም ነውር ነውና።

ከስልጠናው በኋላ ለ6 ወር በወር አንድ ጊዜ በስልክ ወይም በቴሌግራም የጉዳይ ውይይት ይኑር። ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ አይጻፍ። ሰልጣኙ ሁለት ጉዳይ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ኤዲኤችዲ ነው ያለው፣ አንዱ አይደለም ያለው። ሁለተኛው የበለጠ ያስተምራል።

ወረባቦ 07

አንድ የቀረኝ። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ለሁሉም ይሠራ ወይ? እኛ ጋር የለም።

አዝዋ

ለሁሉም አያስፈልግም። የምትጠይቀው ይህን ነው፦ ሲሮጥ ወይም ሲሸከም ራሱን ስቶ ያውቃል? ደረቱን ያመዋል? ከቤተሰቡ ከ40 ዓመት በታች ሳይታመም በድንገት የሞተ አለ? የልብ ሕመም፣ የልብ ማጉርምረም ተነግሮት ያውቃል? ልቡን አዳምጥ፤ ግፊቱን በሁለት የተለያየ ቀን ለካ። ከነዚህ አንዱ ካለ ኢሲጂ ወዳለበት ይሂድ፣ መድኃኒት ሳይጀመር። ምንም ከሌለ ኢሲጂ ሳይኖር ይቀጥላል።

ከተጀመረ በኋላ ግፊትና ምት ከመጠን ለውጥ በፊትና በኋላ ይለካል፣ ከዚያም በየ6 ወሩ፤ ክብደትም በየ6 ወሩ። ተቀምጦ ሳለ ምቱ ደጋግሞ ከ120 ከበለጠ ወይም ግፊቱ ከበፊቱ በግልጽ ከፍ ካለ መጠኑ ይቀነሳል፣ ወደ ሐኪም ይላካል። ይህን ክትትል አንተው ጋር መሥራት ትችላለህ፤ በሽተኛው ለአንድ ግፊት ልኬት ከቢስቲማ ደሴ መመላለስ የለበትም። በሽተኛውን የመለሰልህ ክሊኒክ የመነሻውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ እንዲመልስልህ ብቻ ጠይቅ።

ጦሳ ግርጌ

የመነሻ ቁጥሩን ቦታ በመልስ ሪፈር ቅጹ ላይ ጨምሬዋለሁ፤ የመጨረሻ ጫት የተቃመበት ሰዓትም በመጠይቁ አናት ላይ ገብቷል። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ለሙሉ ወደ ልጅነት ታሪክ ሄዷል፤ የዶፓሚኑ ክፍል 20 ደቂቃ ብቻ ቀርቶታል። ስልጠናውም 4 ቀን ሆኗል። ሲስተር የማታ ተረኛ፣ የሴቶቹን ጥያቄዎች በካርድ መልክ ጽፈሽ ብትልኪልኝ ሰባተኛው የሚና ካርድ ላይ አስገባቸዋለሁ።